ባዶው ማኅደር

ይህን የምነግራችሁ ለመመስገን አይደለም። ከታሪኩ ውስጥ እኔ የምመሰገንበትን ቦታ ደጋግሜ ፈልጌ አጥቻለሁ። የምነግራችሁ፣ የሰው ዕቃ ስትፈትሹ የምትውሉ ካላችሁ፣ ወይም የሰው ልብ ስትፈትሹ የምትውሉ ካላችሁ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ ከመጀመሩ በፊት በነበረ ኬላ ፈታሽ ነበርኩ። መንገዱን ለማታውቁት፣ ድልድዩን ተሻግሮ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጓዝ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያወጣ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ከጠረፍ የሚገባው ልባሽ ጨርቅ፣ ሲጋራና ስልክ በዚያ ይመጣል፤ ካገር መውጣት የሌለበትም በዚያው ይወጣል። ገመዳችን አስፋልቱን አቋርጦ ተወጥሮ ይውላል። መኪና ይቆማል፣ እንፈትሻለን፣ ገመዱ ይረግባል፣ መኪናው ያልፋል። ሥራው ይኸው ነው።

እህል የጫነ መኪና ሲመጣ ጆንያውን ሁሉ ማራገፍ ስለማይቻል መውጊያ አለን። ክንድ ተኩል የሚሆን ሹል ብረት ነው። በጆንያው ጎን ትሰደዋለህ። እህል ብቻ ከሆነ እየተንሸራተተ ይገባል፤ ሌላ ነገር ካለ ለእጅህ ይነግረዋል። እኔ በዚህ ነገር ስሜ የወጣ ነበርኩ። ጨርቅ ይሁን ካርቶን፣ ላስቲክ ይሁን ቆርቆሮ፣ በእጄ አንጓ ብቻ ለይቼ እናገር ነበር። ሾፌሮቹ ይበልጣል የሚለውን ስሜን ትተው «መውጊያው» ይሉኛል። እነሱ ለስድብ ያወጡትን እኔ እንደ ማዕረግ ተቀብየው ነበር። ብረቱንም በየሳምንቱ ራሴ ነኝ የምስለው።

አንድ ደንብ አለ። ብረቱ ጠንካራ ነገር ከነካ እጅህን ትሰበስባለህ፤ ጆንያውን ታወርዳለህ፤ አፉን ትፈታለህ። አትገፋም። ይህችን ደንብ ለአዲስ ፈታሾች የማስተምረው ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ። የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ግዕዝም ጥቂት ለቃቅሜያለሁ። ከዚያ አስኳላ ወሰደኝ። እኬላው ላይ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሲገኝ የሚጠሩት እኔን ነበር፤ እኔም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት የተሰረቁ የብራና መጻሕፍት ይዣለሁ። ሁለቱም ማኅደር አልነበራቸውም። ማኅደር የብራና መጽሐፍ በልኩ የሚሰፋለት የቆዳ ከረጢት ነው፤ ማንገቻ አለው፤ በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌባ መጽሐፉን አውጥቶ ማኅደሩን እንደተሰቀለ ይተወዋል። የሚያየው ሰው መጽሐፉ ያለ ይመስለዋልና ወራት ያልፋሉ። ከእነዚያ ሁለቱ ተነሥቼ የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ ማኅደር የሌለው ብራና የተሰረቀ ነው።

ሆሳዕና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከቡሬ ወደ ቆላው የሚወርድ ሚኒባስ ገመዳችን ላይ ቆመ። ጣራው ላይ ሦስት ጆንያ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በመንገዱ ዳር ጥላ ያዙ። በዚያች ቀን ሁለት አዲስ የተመደቡ ባልደረቦች አጠገቤ ነበሩ። ሥራ እንዳሳያቸው ታዝዣለሁ። ጣራው ላይ ወጣሁ። አንደኛው ጆንያ በቆሎ፣ ንጹሕ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ጤፍ ነበር። ብረቱ ሸተት እያለ ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ጠንካራ ነገር ነካ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ደንቡን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሁለቱ አዲሶች አንጋጠው ያዩኛል። ሳልፈታው ምን እንደሆነ ተናግሬ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። «ካርቶን ነው፣ ስልክ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ድምፁን ስሙ» አልኳቸውና በሁለት እጄ ይዤ፣ ክብደቴን አሳርፌ ገፋሁት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ነገር ተሰበረና ብረቱ ዘልቆ ገባ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። አልጮኹም። አንዲት ሴት ውጋት ያመማቸው መስሏት ደገፈቻቸው።

ጆንያውን አወረድነው። ሸራ ዘርግተን ጤፉን ዘረገፍን። ከመካከሉ በነጠላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ወጣ። ስፈታው ትልቅ የብራና መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ የሆነው የዋንዛ እንጨት ገበታ ከመካከሉ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ላይ የብረቴ ቀዳዳ አለ። ጤፉ በየቅጠሉ መካከል ገብቷል። ምን እንደሠራሁ ገባኝ። ግን ሰው ሁሉ ያየኛልና አንድ መውጫ ብቻ ታየኝ። ነጠላውን ገለበጥኩ፣ ጆንያውን አራገፍኩ፣ «ማኅደር የለውም» አልኩ። ለእኔ ፍርዱ ያ ነበር።

ቄሱ መምሬ ጥሩነህ ይባላሉ። ዋርካ ሜዳ ሚካኤል የምትባል፣ ከአስፋልቱ በእግር ሁለት ሰዓት ወደ ቆላ የምታስወርድ ትንሽ ደብር አገልጋይ ናቸው። መጽሐፉ የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው የወይራ ውሃ ጊዮርጊስ ነው አሉ። ወይራ ውሃ ደጋው ላይ፣ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። ተውሼው ነው አሉ። ደብዳቤ ስላቸው የለም አሉ። ማኅደሩስ ስላቸው፣ እነሱ አስቀርተውታል አሉ። ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ከምፀጸትባቸው ነገሮች ያ ሳቅ አንዱ ነው።

«ታዲያ ከጤፍ ውስጥ ምን አስገባው?» አልኳቸው።

«መጽሐፍ የሚሰርቁ ሰዎች መንገድ ላይ አሉ ሲሉ ሰማሁ። ሌባ ፈርቼ ነው የቀበርኩት፤ አንተን አላሰብኩህም፣ ልጄ» አሉ።

የፈረቃችን ኃላፊ ወይዘሮ አስናቀች ነበረች። የመራዊ ሰው ናት፤ ድምፅዋ ከፍ ሳይል ሰው የሚታዘዛት። መጥታ ሁለታችንንም ሰማች። ነገሩን መምሬ ጥሩነህ አስረዷት። ባለፈው ክረምት የዋርካ ሜዳ ጣራ አፍስሶ የሰሞነ ሕማማት መጽሐፋቸውን አበላሸባቸው። ያ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ በሕማማት ሳምንት ብቻ የሚነበብ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየሰዓቱ ይነበባል፣ ሕዝቡ እየሰማ ይሰግዳል። ወይራ ውሃ ሁለት አለው። አንዱን ለሰሞኑ ሊያውሷቸው ተስማሙ።

ወይዘሮ አስናቀች ሕጉን ነገረቻቸው። ቅርስ ያለ ወረቀት ሲንቀሳቀስ ከተያዘ ዕቃውም ሰውየውም ወደ ቡሬ ፖሊስ ይሄዳሉ፤ ዕቃው ጉዳዩ እስኪያልቅ ኤግዚቢት ሆኖ ይቀመጣል። ጉዳይ ምን ያህል እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ መምሬ ጥሩነህ እንዲህ አሉ።

«እኔን እሰሩኝ። አረጅቻለሁ፣ የትም ብቀመጥ ግድ የለኝም። መጽሐፉ ግን ሰኞ ማለዳ ዋርካ ሜዳ ይድረስ። ሕዝቡ ምን እየሰማ ይስገድ?»

ወይዘሮ አስናቀች የዕቃውን መግለጫ እንድጽፍ አዘዘችኝ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ገበታውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ የባለቤትነት ጽሑፍ አለ። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የወይራ ውሃ ጊዮርጊስ ንብረት እንደሆነ ይላል። ቀጥሎ፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ ያጎደለ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። «የሰረቀ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ መምሬን አየኋቸው። ወደ ገጹ ስመለስ «ያጎደለ» ከሚለው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ የእኔ ቀዳዳ ተቀምጧል። የቀረውን አላነበብኩም።

ቀዳዳውን ተከትዬ ገለጥኩ። ሰባት ቅጠል ዘልቋል። በብዙዎቹ ላይ በኅዳጉና በመስመር መካከል አልፏል። ሰባተኛው ላይ የብረቱ ጫፍ ብቻ ነው የደረሰው፤ ግን የሰኞው ምንባብ ላይ፣ ጌታ ወደ በለሲቱ ከመሄዱ በፊት ካለው ቦታ አንዲት ቃል በልቷል። ቃሏን አወቅኋት። «ርኅበ» ነበረች፤ ተራበ ማለት ነው። ዳዊት ለደገመ ሰው የማትጠፋ ቃል ናት።

ወደ ወይራ ውሃ ስልክ ቢደወል ተባለ። የዕቃ ቤት ጠባቂው አባ ኪዳኑ ስልክ የላቸውም፤ መምሬ በቃላቸው የያዙት የአንድ ጎረቤት ቁጥር ነበር፣ እሱም አይሠራም። ጽሑፉ ደግሞ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ መዋሱን አይናገርም። ወይዘሮ አስናቀች ማስረጃ የሚሆን ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቀች።

«ማኅደሩ ነዋ» አሉ መምሬ። «በእኛ ዘንድ ደብዳቤው እሱ ነው። መጽሐፍ ሲወጣ ማኅደሩ ለመያዣ ይቀራል። ሲመለስ ይገባበታል። ካልገባበት የእነሱ አይደለም።»

ወደ እኔ ዞራ፣ ይበልጣል፣ እንዲህ ያለ ልማድ አለ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር፤ የእኔ ትምህርት እዚያ አልደረሰም። ግን እኬላው ላይ «አላውቅም» ያልኩት የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቂት አሰበች። የፖሊስ መኪና ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እስከዚያ ማኅደሩ መጥቶ መጽሐፉ ከገባበት እኔው ፈርሜ እለቃቸዋለሁ፤ ካልሆነ ይሄዳሉ አለች። ማን ይሂድ ስትል እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ሰው ሁሉ ጸጽቶት ነው ብሎ አዘነልኝ። ውሸት ነው። እንዲህ ነበር የማስበው፦ ሰውየው ሌባ ከሆነ እኔ የወጋሁት የተሰረቀ ዕቃ ነው፣ ሥራዬን ሠራሁ፣ አበቃ። ሌባ ካልሆነ ግን የአንድን አገር መጽሐፍ ወግቻለሁ። ስለዚህ ሌባ ይሁንልኝ ብዬ ነው የሄድኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መንገዱን ሙሉ የሰውየውን ሌብነት ስመኝ ሄድኩ።

በጭነት መኪና ቡሬ ወጣሁ፣ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባሁ፣ ከዚያ ባጃጅ እስከሚሄድበት ሄጄ የቀረውን በእግሬ ነካሁት። አሥር ሰዓት ግድም ወይራ ውሃ ደረስኩ። አባ ኪዳኑ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የከበሮ ጠፍር ያጠብቃሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰማኒያ የማያንሱ ሰው ናቸው። የደንብ ልብሴን አይተው ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ አረፍ ይበሉ ብዬ ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ሳልናገር፣ የሰሞነ ሕማማት መጽሐፋችሁ አለ ወይ አልኳቸው። ተንኮሌ ነበር።

ሳይመልሱ ቁልፋቸውን አንሥተው ከፈቱ። ከግድግዳው ላይ ሁለት ማኅደር ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ደስ አለኝ። ሁለቱም እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ባለቤቶቹ መሰረቁን እንኳ አላወቁም፣ ሽማግሌው ዋሽተዋል አልኩ በልቤ። አባ ኪዳኑ አንደኛውን ከተሰቀለበት ሲያወርዱት ግን ማንገቻው በጣታቸው ላይ ተወዛወዘ። ባዶ ነበር።

«የዚህን ለመምሬ ጥሩነህ አውሰነዋል» አሉ። መቃኑን ያዝኩ።

ማኅደሩን ለማጣራት ብቻ ነው፣ ነገ እመልሰዋለሁ፣ ይስጡኝ አልኳቸው። አባ ኪዳኑ አዩኝና መልሰው ሰቀሉት። መጽሐፍ ወደ ማኅደሩ ይመጣል እንጂ ማኅደር ወደ መጽሐፍ አይሄድም አሉ። መጽሐፉም ማኅደሩም እናንተ ዘንድ ከቀረ እኔ ምን ይዤ እጠይቃለሁ አሉ። መጽሐፉ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ፣ ምንም አልሆነ፣ ወረቀት ጎድሎ ነው አልኩ። በሩን መዝጋት ጀመሩ። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ወርዳለች። ያ ቁልፍ ከዞረ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ንጹሕ ሰው በፖሊስ መኪና ይጫናል፤ ሰኞ ዋርካ ሜዳ ላይ የሚነበብ አይኖርም። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«አባ፣ ወግቼዋለሁ» አልኩ።

ቁልፉ ቆመ። ያን ጊዜ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጤፉን፣ ብረቱን፣ ደንቡን እያወቅሁ መግፋቴን፣ ለማን ለመታየት እንደገፋሁት፣ መሳቄን፣ ሌባ ይሁንልኝ እያልኩ መምጣቴን። ሳላስበው እንባዬ ወረደ። ስንት ቅጠል አሉኝ። ሰባት አልኩ። የት ላይ አቆመ አሉኝ። ቃሏን ነገርኳቸው። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ፣ ያ መጽሐፍ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቤት የፍየል ቆዳ አዋጥቶ ነው፣ የአያቴም ቤት አለበት አሉ። ከዚያም ማኅደሩን አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ለአንተ አልሰጥህም። እኔው እይዘዋለሁ። ሲነጋ እንሄዳለን።»

እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። አባ ኪዳኑ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ በጀርባዬ ልዘልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ፍኖተ ሰላም ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆምን። ቡሬ ስንደርስ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ጠፋ። በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አገኘን፤ ሾፌሩ የሚያውቀኝ ነበር፣ «ዛሬ መውጊያው ለመነኝ» ብሎ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ትቶ ነዳ።

ገመዳችን ጋ ስንደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። የፖሊሱ መኪና ቀድሞ መጥቷል። መምሬ ጥሩነህ ትናንት የተውኳቸው ቦታ፣ መጽሐፉ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አስናቀች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ማታ ያቀረብንላቸውን አልነኩም፣ ውሃም አልቀመሱም አለችኝ። ሁለቱ ሽማግሎች ተሳሳሙ። አንዱ ሌላውን ምንም አልጠየቀውም።

አባ ኪዳኑ ማኅደሩን ለወይዘሮ አስናቀች ሰጧትና እርስዎ ያስገቡት አሏት። መጽሐፉን አንሥታ ከአፉ አገናኘችው። እስከ ግማሽ ገባና ቆመ። አውጥታ እንደገና ሞከረች። ያው ነው፤ ግማሹ ላይ ይቆማል። ፖሊሱ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣ። «አይገባም» አለች ወይዘሮ አስናቀች፣ እሷም አዝና። መምሬ ጥሩነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እውነቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ባዶውን ማኅደር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አባ ኪዳኑን እዚያ የሚያውቃቸው የለም፤ የእኔን ምስክርነት ደግሞ ማን ይቀበላል? ትናንት ሌባ ነው ያልኩት እኔው ነኝ።

«እስቲ ልየው» አሉ አባ ኪዳኑ። ገበታውን በጣታቸው ዳሰሱት። እኔ የሰነጠቅሁት እንጨት ወደ ውጭ ተገንጥሎ ቆሟል፤ ቅጠሎቹም ጤፍ ይዘው አብጠዋል። ያልገባው በእኔ ምክንያት ነበር። ነጠላቸውን ዘረጉ፣ መጽሐፉን በላዩ ገልብጠው ቅጠል በቅጠል አራገፉት። ጤፉ ፈሰሰ። ከነጠላው ያመለጠውን መምሬ ጥሩነህ በጣታቸው ይለቅማሉ። ከዚያ አባ ኪዳኑ ከነጠላቸው ዘርፍ ክር መዝዘው፣ የተገነጠለውን ስንጥር ወደ ቦታው ተጭነው ገበታውን ዙሪያውን በክሩ አሰሩት። መጽሐፉን ለወይዘሮ አስናቀች መለሱላት። ገባ። እስከ አንገቱ ገባና ክዳኑ ላዩ ላይ ተኛ። እሷ ፖሊሱን፣ እዚህ የሚወሰድ የለም አለችው።

ፈረመች። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ ገፍታ፣ ጉዳቱን ማን እንዳደረሰ ጻፍ አለችኝ። ስሜን ጻፍኩ። መውጊያውንም አስረከብኩ፤ ለሦስት ወር ብረት እንዳልይዝ ተወሰነብኝ። አልተከራከርኩም።

አባ ኪዳኑ መጽሐፉን አውጥተው ለመምሬ ጥሩነህ ሰጡና ባዶውን ማኅደር አንገታቸው ላይ አንግተው ሊሄዱ ሲሉ ተከትያቸው ወጣሁ። ውግዘቱስ አባ አልኳቸው። ቆሙ።

«ሰርቀሃል? አልሰረቅህም። ፍቀሃል? አልፋቅህም። አጉድለሃል። ያጎደልከውን ሙላ።»

በምን ልሙላ ስላቸው፣ ብራናው ይሰፋል፣ ቃሉ ግን በመርፌ አይመለስም አሉ። ሰኞ ዋርካ ሜዳ ትሄዳለህ፤ አንባቢው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አንተ በአፍህ ትሞላለህ፤ ቀዳዳው እስካለ በየዓመቱ አሉ። ሌላ ንስሓ አልሰጡኝም።

ከመምሬ ጥሩነህ ጋር ወደ ቆላው ወረድኩ። መጽሐፉን ልያዝልዎት ብላቸው ጤፉን ተሸከም አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያን ጆንያ ተሸክሜ ከኋላቸው ሄድኩ። ሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ተዘርግቷል። አንባቢው እያነበበ መጣና ቆመ። ሕዝቡ ምን ተፈጠረ ብሎ ቀና አለ። መምሬ ጥሩነህ አዩኝ። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። «ርኅበ» አልኩ። አንባቢው ቀጠለ፤ ሕዝቡም ሰገደ። እኔም ወደ ምድር ተደፋሁ፤ ቶሎም አልተነሣሁም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ዛሬም ፈታሽ ነኝ። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ኮንትሮባንዱም አልቆመም፤ ሌባም ሞልቷል። የተለወጠው እኔ ነኝ። ብረት ከመስደዴ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። የሚዋሸኝ ይዋሸኛል። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ስለጠየቅሁት ብቻ እንደነገረኝ ብታውቁ ትገረማላችሁ። መምሬ ጥሩነህንም ያን ዕለት ጆንያው ውስጥ ምን አለ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሆሳዕና በፊት ፈቃድ እወስዳለሁ። ወይራ ውሃ ሄጄ መጽሐፉን የምረከበው እኔ ነኝ፤ ማኅደሩ ተሰቅሎ ይቀራል። ደብዳቤም አስጽፋለሁ፣ አባ ኪዳኑ እየሳቁብኝ ይፈርሙልኛል። ብራናው ተሰፍቷል። ሆኖም ሰባተኛው ቅጠል በተገለጠ ቁጥር ከስፌቱ ውስጥ አንዳንድ የጤፍ ፍሬ ይወድቃል፤ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ዘንድሮ አባ ኪዳኑ ዘንድ ስሄድ መጽሐፉ አልተፈለገም አሉኝ። የዋርካ ሜዳ ሰዎች የታተመ አዲስ መጽሐፍ አግኝተዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ቀዳዳ የለም፣ እኔም አላስፈልግም። ሆኖም እግሬ ለምዷልና ወረድኩ። ሰኞ ማለዳ ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር ቆምኩ። መምሬ ጥሩነህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ተቀምጠው ይሰማሉ። የሚያነበው አዲስ ዲያቆን ነው፤ ምንባቡን የተማረው ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ቆሞ እየሰማ ነው። መጽሐፉ ንጹሕ፣ ፊደሉ ሙሉ። እያነበበ መጣ፣ እዚያች ቃል ላይ ደረሰና ዝም አለ። ገጹ ላይ ቃሏ አለች። እሱ ግን ቀና ብሎ በሕዝቡ መካከል ይፈልጋል። መቆሙ የምንባቡ ሥርዓት መስሎታል። ሕዝቡም ቀና ሳይል ይጠብቃል።

«ርኅበ» አልኩ።